የአባት ዕዳ ለልጅ፦ እማዬን ይዤ ቻትስወርዝን ያየሁበት ቀን

እማዬ እኔን ልትጠይቅ እንግሊዝ አገር የመጣች ሰሞን አንድ ነገር ብቻ ነው የጠየቀችኝ። «የድሮ መኳንንት ቤት አሳዪኝ» አለች። ለንደን ውስጥ ያሉትን ቤተ መንግሥቶች ስዘረዝርላት እጇን አወዛወዘች። «እነሱን በቴሌቪዥን አይቻቸዋለሁ። እኔ ያልኩሽ ሰው የሚኖርበትን ነው። ከቅድመ አያት እስከ ልጅ ልጅ ሳይለቁት የኖሩበትን።»

እንዲህ ያለ ቤት ከተባለ ለእኔ አንደኛው ቻትስወርዝ ነው። ደርቢሸር ውስጥ፣ ደርወንት በሚባል ወንዝ ዳር ያለ የካቨንዲሾች ቤት። የዴቮንሺር መስፍን የሚባለው ማዕረግ የእነሱ ነው። ቦታው ከ1549 ጀምሮ በዚያው ቤተሰብ ውስጥ ሲወርድ ሲዋረድ መጥቶ ዛሬም እዚያው ይኖራሉ። (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።)

ፍርዴን ከወዲሁ ልናገር። ሂዱ። ቀኑን ሙሉ መድቡለትና ሂዱ። ግን ወርቁንና ሥዕሉን ብቻ እያያችሁ ካለፋችሁ ግማሹ ያመልጣችኋል። እኔ ሦስቴ ሄጄ በሦስተኛው ነው የገባኝ። የዚህን ቤት ታሪክ ማንበብ የሚቻለው በዕዳው በኩል ነው። አንዱ ትውልድ ይገነባል፣ የሚቀጥለው ያባክናል፣ ሌላው እየሸጠ ይከፍላል፣ ልጁ ደግሞ ከቀረው ላይ ይጀምራል። ይህን ይዛችሁ ግቡና ክፍሎቹን እዩ፣ እያንዳንዱ የሚነግራችሁ ነገር አለው።

አጠገቡ የባቡር ጣቢያ የለም። እኛ እስከ ሼፊልድ በባቡር፣ ከዚያ በአውቶብስ ሄድን። አውቶብሱ ግቢው ውስጥ ገብቶ ቁልቁል ሲወርድ ቤቱ ድንገት ይመጣል። ቢጫማ ድንጋይ፣ ከኋላው ሽቅብ የሚወጣ ጥቅጥቅ ያለ ደን፣ ከፊቱ ወንዝ፣ ከወንዙ ወዲህ በጎች የሚግጡበት ሜዳ። እማዬ «አቤት ተፈጥሮ ሲያድል!» አለች።

ይሄ ተፈጥሮ የምትለው ነገር የሰው እጅ እንዳለበት ስነግራት አላመነችኝም። በ1760ዎቹ 4ኛው መስፍን ኬፓቢሊቲ ብራውን የሚሉትን የታወቀ የመስክ ነዳፊ ቀጥሮ የድሮውን ባለ መስመር አትክልት አስነስቶ፣ የወንዙን አካሄድ አስተካክሎ፣ ዛፍ አስተክሎ ነው እንዲህ ያደረገው። የኤደንሶር መንደርም ነበረ፤ ስሙን ሲጠሩት «ኤንዘር» ነው የሚሉት። ከቤቱ መስኮት ይታይ የነበረው የመንደሩ ክፍል ቀስ በቀስ ፈርሶ፣ በኋላ በ6ኛው መስፍን ዘመን ከእይታ ውጭ፣ ከኮረብታው ባሻገር አዲስ መንደር ተሠራ። ከአሮጌው የቀረው አንድ ቤት ብቻ ነው። ሜዳው መሀል ለብቻው በግንብ ታጥሮ ቆሟል። ድሮ «የናቡቴ የወይን ቦታ» ይሉት ነበር። ይህን ስነግራት እማዬ ተጨማሪ ማብራሪያ አላስፈለጋትም። «አክዓብ!» አለች ወዲያው፣ ከዚያ አውቶብሱ ቤቱን አልፎ እስኪሄድ አንገቷን አዙራ አየችው። ስትሄዱ ያቺን ቤት ፈልጓት። ከትልቁ ቤት በፊት እሷን ማየት ደስ ይለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በሴት ነው። የሃርድዊኳ ቤስ ይሏታል። ከዚያው ከደርቢሸር፣ ብዙም ሀብት ከሌለው ቤተሰብ የወጣች ናት። አራት ጊዜ አግብታ አራቱንም ቀብራለች። ሁለተኛው ባሏ ሰር ዊሊያም ካቨንዲሽ በ8ኛው ሄንሪ ዘመን ገዳማት ሲዘጉና ርስታቸው ሲወረስ የዚያ ሥራ ሹም የነበረ ሰው ነው። ሀብቱ ከዚያ ነው። ቤስ ደቡብ ያለውን መሬት አሸጠችውና ወደ እሷ አገር አምጥታው በ1549 ቻትስወርዝን በ600 ፓውንድ ገዙት። ቤቱን መሥራት የጀመሩት ከሦስት ዓመት በኋላ ነው። ያ የመጀመሪያው ቤት ዛሬ የለም። ከእሷ ዘመን የቀረው ከደኑ በላይ የምታዩት የአደን ግንብ ነው፣ ከወንዙ አጠገብ ደግሞ የስኮትላንዷ ንግሥት ሜሪ አየር ትወስድበት ነበር የሚባል ከፍ ያለ የድንጋይ ሰገነት። የቤስ አራተኛ ባል የሜሪ ጠባቂ ሆኖ ስለነበር ንግሥቲቱ በእስር ዘመኗ እየተመላለሰች እዚህ ታስራለች።

አሁን የምታዩትን ቤት ያሠራው የቤስ ዘር የሆነው 4ኛው አርል ነው (አርል ከመስፍን በታች ያለ ማዕረግ ነው)፤ በ1694 መስፍን ተብሎ 1ኛው የዴቮንሺር መስፍን ሆነ። ማዕረጉን ያገኘው በፖለቲካ ነው። በ1688 የኦሬንጁ ዊሊያም ከሆላንድ መጥቶ ንጉሡን እንዲተካ ደብዳቤ ከፈረሙት ሰባት ሰዎች አንዱ ነበር። ቤቱን መጀመሪያ አንድ ጎኑን ብቻ ላድስ ብሎ ጀምሮ፣ ከዚያ ሁለተኛውን፣ ከዚያ ሦስተኛውን እያለ አራቱንም ጎን ጨረሰው። ቤት የሠራ ሰው ይህን ያውቀዋል። ሥራው ያለቀው በ1707 ነው። በዚያው ዓመት ሞተ።

መጀመሪያ የምትገቡበት ትልቅ አዳራሽ የእሱ ነው። ግድግዳውም ጣሪያውም በሥዕል ተሸፍኗል። ሉዊ ላገር የተባለ ፈረንሳዊ የዩልዮስ ቄሳርን ታሪክ ስሎበታል። ንጉሥ ላነገሠ ሰው የሚመጥን ርዕስ ነው። እማዬ ግን ቀና ብላ ጣሪያውን አየችና ያለችው ሌላ ነው። «ይህን ሁሉ ማነው የሚያጸዳው?» ክፍሉ ውስጥ የነበሩት በዕድሜ ጠና ያሉ አስጎብኚ ምን አለች ብለው ጠየቁኝና ተረጎምኩላቸው። ሳቁ። ከዚያ ዘለግ ያለ መልስ ሰጡን፦ ስለ ለስላሳ ብሩሽ፣ ስለ መሰላል፣ በብርዱ ወራት ቤቱ ለጎብኚ ሲዘጋ ስለሚሠራው ሥራ። ለሩብ ሰዓት ያህል እዚያው ቆመን ቀረን። ክፍሎቹ ውስጥ የሚቆሙትን ሰዎች አናግሯቸው። የቦታው ትልቁ ሀብት እነሱ ናቸው። ጠይቁ ብቻ።

ከላይ ፎቅ ያሉት የክብር ክፍሎች ንጉሥ ይመጣል ተብለው የተሠሩ ናቸው። ቆዳ የተለበጠ ግድግዳ፣ የሊንደን እንጨት ቅርጻ ቅርጽ፣ ትልልቅ አልጋዎች። እውነቱን ለመናገር እነዚህን ቶሎ ማለፍ ትችላላችሁ። አንድ ነገር ግን እንዳታልፉ። የሙዚቃ ክፍሉ ውስጥ በሩ በከፊል ተከፍቷል፣ ከውስጥ ያለው ሁለተኛ በር ላይ ቫዮሊን ተሰቅሏል። ከነቀስቱ። ከሚስማር ላይ በጥብጣብ የተንጠለጠለ። እማዬ «እንዴት እንዲህ ያለውን ዕቃ በር ላይ ይሰቅሉታል፣ በሩ ሲዘጋ አይሰበርም?» አለች። ጠጋ ብላ አየች። መነጽሯን አድርጋ አየች። ቫዮሊን የለም። ሥዕል ነው። ያን ፋን ደር ፋርት የሚባል ሠዓሊ ነው የሳለው። የቫዮሊኑ ጥላ ጭምር እንጨቱ ላይ አርፏል፣ አውታሮቹ አንድ በአንድ ይቆጠራሉ። እኔ ሥዕል መሆኑን እያወቅሁም በየጊዜው ለአንድ አፍታ እታለላለሁ። እዚህ ቤት ካሉት ሥዕሎች ሁሉ አንዱን ምረጪ ብትሉኝ ይህን ነው የምወስደው።

ወደ ዕዳው እንምጣ።

5ኛው መስፍን ጆርጂያና ስፔንሰርን በ1774 ሲያገባ እሷ 17 ዓመት ገና መሙላቷ ነበር። ዘመኑ ሁሉ የሚያወራላት ሴት ሆነች። የምትለብሰው ፋሽን ይሆናል፣ በ1784 ምርጫ ለፖለቲከኛው ለቻርልስ ጄምስ ፎክስ ጎዳና ወጥታ ቀስቅሳለች። ግን ቁማር ይዟት ነበር። ምን ያህል ዕዳ እንዳለባት ለባሏ ሙሉውን ሳትነግረው ነው በ1806 የሞተችው። ቤታቸው ውስጥ ደግሞ የእሷም ጓደኛ የባሏም ፍቅረኛ የሆነች ሴት አብራቸው ትኖር ነበር። ሥዕሏን ስታዩ በጣም ቆንጆ ናት። እማዬ ሥዕሉ ፊት ቆማ ታሪኩን ስነግራት ከንፈሯን መጠጠች፣ «እናት አልነበራትም እንዴ የምትመክራት?» አለች። ነበረቻት። እናቷ ስለ ቁማሩ ደጋግማ በደብዳቤ ታስጠነቅቃት ነበር።

ሰው ገንዘቡ ከየት መጣ ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ከመሬት ኪራይ፣ ከእርሳስና ከመዳብ ማዕድን ነው። ስታፈርድሸር ውስጥ ያለው የኤክተን መዳብ ማዕድን የእነሱ ነበር። በጋብቻም ብዙ ገብቷል። 4ኛው መስፍን በ1748 ሻርሎት ቦይልን ሲያገባ አየርላንድ ያለው የሊዝሞር ግንብ፣ ዮርክሸር ያለው ቦልተን አቢ፣ ለንደን ያሉ ቤቶች ሁሉ በእሷ በኩል መጡ። ይህ ሁሉ ደግሞ ለአንድ ልጅ፣ ለበኩሩ ወንድ ልጅ ነው የሚተላለፈው። እማዬ እዚህ ላይ አስቆመችኝ። «ሌሎቹስ ልጆች? ርስት አይካፈሉም?» አይካፈሉም። አበል ይሰጣቸዋል እንጂ ቤቱና መሬቱ አይከፈልም። ባይሆን ኖሮ ይህ ቤት በሦስተኛው ትውልድ ተከፋፍሎ ያልቅ ነበር። «ቢሆንም ግፍ ነው» አለች። እኔም ከእሷ ጋር ነኝ፣ ግን ቤቱ የቆመው በዚህ መንገድ መሆኑም እውነት ነው።

ውርስ ካልደረሳቸው መስመሮች አንዱ ሄንሪ ካቨንዲሽን አፍርቷል። የ2ኛው መስፍን የልጅ ልጅ ነው። ሃይድሮጅንን ለይቶ ያሳየ፣ በ1798 ደግሞ የምድርን እፍጋት የለካ ሳይንቲስት። በኋላ ካምብሪጅ ያለውን የካቨንዲሽ ላቦራቶሪ በገንዘቡ ያሠራው 7ኛው መስፍን ነው። ለእኔ ከጣሪያ ሥዕሎቹ ሁሉ ይህ ይበልጣል።

የምወደው ግን 6ኛው መስፍን ነው፤ የጆርጂያና ልጅ። ሚስት ሳያገባ ስለኖረ «ወንደላጤው መስፍን» ይሉታል። የእናቱ ዕዳ ደርሶት፣ እሱም ከእናቱ የባሰ ገንዘብ በታኝ ሆነ፤ ልዩነቱ እሱ በቁማር ፈንታ በድንጋይ፣ በመጽሐፍና በዛፍ ላይ ነው የበተነው። የሰሜኑን ክንፍ ያሠራው፣ የሐውልት አዳራሹን የሞላው እሱ ነው። እዚያ አዳራሽ ውስጥ ራፋኤሌ ሞንቲ የተባለ ጣሊያናዊ የቀረጻት ፊቷን በስስ ሻሽ የሸፈነች ሴት አለች። ሁሉም ነገር ዕብነ በረድ ነው፣ ሻሹም ጭምር። ድንጋዩ ላይ ሻሹ አፍንጫዋ ጋ ሲወጠርና ጉንጯ ጋ ሲላላ ይታያል። ሰው ሁሉ እዚያ ይቆማል፣ ቢያስቆምም አይገርምም።

በ1826 ይህ መስፍን ጆሴፍ ፓክስተን የሚባል የ22 ዓመት ልጅ ዋና አትክልተኛ አድርጎ ቀጠረ። ፓክስተን ራሱ የመጀመሪያ ቀኑን ጽፎታል። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። ሰው ስላልነበረ አጥር ዘሎ ገባ። ግቢውን ዞሮ አየ፣ 12 ሰዓት ላይ ሠራተኞቹን ሥራ አስጀመረ፣ ውኃውን አስለቅቆ አየ፣ ከዚያ ከቤቱ ኃላፊ ሴትዮ ጋር ቁርስ በላ። የሴትዮዋ የእህት ልጅ ሣራ እዚያ ነበረች። ተዋደዱ። ይህ ሁሉ ጠዋት 3 ሰዓት ሳይሞላ ነው! በዓመቱ ተጋቡ። ሣራ በኋላ ፓክስተን አገር ላገር ሲዞር ሥራውን በእጇ ይዛ ያስተዳደረች ሴት ናት።

ፓክስተን እዚህ ያሳደገውን አንድ ነገር ሁላችሁም በልታችኋል። ሙዝ። ከሞሪሸስ የመጣ የሙዝ ተክል አግኝቶ በመስታወት ቤት ውስጥ ተከለው፣ በ1835 አበበለት፣ በተከታዩ ዓመት ከ100 በላይ ሙዝ አፈራለት። በመስፍኑ ቤተሰብ ስም ካቨንዲሽ ተባለ። ሚስዮናውያን ችግኙን ወደ ሳሞአ ወስደው ከዚያ በፓሲፊክ ደሴቶች ተዛመተ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የበፊቱን የገበያ ሙዝ በሽታ ሲጨርሰው ቦታውን የተካው ካቨንዲሽ ነው። ዛሬ ከአገር አገር የሚሸጠው ሙዝ ከሞላ ጎደል ሁሉ የዚህ ወገን ነው። እማዬ ይህን ስትሰማ ከቦርሳዋ ለመንገድ የያዝነውን ሙዝ አውጥታ እንደ አዲስ አየችው። ከዚያ ልጣ ግማሹን ሰጠችኝ። አትክልቱ መሀል አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብለን በላነው።

ከተቀመጥንበት ፊት ለፊት ረጅም የውኃ ገንዳ አለ፣ ከጫፉ ላይ ውኃ ወደ ሰማይ ይወረወራል። የንጉሠ ነገሥቱ ፋውንቴን ይሉታል። የሩሲያው ዛር 1ኛ ኒኮላስ በ1844 እንግሊዝ ይመጣል ሲባል 6ኛው መስፍን ዛሩ ካለው የሚበልጥ ፋውንቴን ይሠራ አለ። ፓክስተን ከላይ ደጋው ላይ ሰው ሠራሽ ሐይቅ አስቆፈረ፣ ሠራተኞቹ ሌሊት በችቦ ብርሃን ጭምር ቆፈሩ፣ በስድስት ወር አለቀ። ፓምፕ የለም። ውኃው ከከፍታ ሲወርድ በራሱ ኃይል ነው ሽቅብ የሚፈነዳው። እስከ 90 ሜትር ድረስ መውጣቱ ተመዝግቧል። ዛሩ ግን ቻትስወርዝ ሳይደርስ ተመለሰ። ፋውንቴኑ ሳያየው የቀረውን ሰው ስም ይዞ እስከ ዛሬ ይረጫል። እኛ ስናየው ነፋስ ስለነበረ ውኃው ወደ ጎን እየተበተነ እንደ ነጠላ ይዘረጋ ነበር።

ከሁሉ የሚቆጨኝ ያላየሁት ነው። ፓክስተን ከ1836 ጀምሮ 84 ሜትር ርዝመት ያለው የመስታወት ቤት ሠርቶ ነበር። ሠረገላ ከነፈረሱ በመሀሉ ያልፍበታል። በ1843 ንግሥት ቪክቶሪያ ስትመጣ በ12,000 መብራት አሸብርቆ ነው የተቀበላት። ፓክስተን በ1851 ለንደን ላይ ክሪስታል ፓላስ የተባለውን ግዙፍ የመስታወት አዳራሽ የሠራው እዚህ በተማረው ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ግን ለማሞቂያው የሚሆን ከሰል ጠፋ፣ አትክልተኞቹ ዘመቱ፣ ተክሎቹ በብርድ ሞቱ። በ1920 በፈንጂ አፈረሱት። አንዴ ቢሉት አልፈርስ ብሎ ደጋግመው ነው የጣሉት። ዛሬ ቦታው ላይ መንገድ የሚያጠፋ የቁጥቋጦ አጥር ተተክሏል። ልጆች እዚያ ውስጥ እየሮጡ ይጠፋሉ፣ ዙሪያው ያለው የድንጋይ መሠረት ግን አሁንም አለ። እጄን አሳረፍኩበት። ሻጋታ ይዞታል። ከሰል በሠረገላ ይገባበት የነበረው ዋሻም ስላለ አልፋችሁ ሂዱበት።

ካስኬድ የሚባለው ባለ 24 ደረጃ የውኃ መውረጃ የ1ኛው መስፍን ዘመን ሥራ ነው። ደረጃዎቹ ስፋታቸውም አሠራራቸውም ስለሚለያይ ውኃው በእያንዳንዱ ላይ የተለየ ድምፅ ያሰማል። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ስለሆነው ትልቅ ጥገና ይፈልጋል፣ ስለዚህ ውኃው ሁልጊዜ አይለቀቅም። ለእሱ ብላችሁ የምትሄዱ ከሆነ አስቀድማችሁ አጣሩ።

አሁን የቤቱ ከባድ ዘመን። 9ኛው መስፍን በ1908 ሲወርስ የውርስ ግብርም አብሮ መጣበት። ብርቅ መጻሕፍት ለአሜሪካ ሰብሳቢ ተሸጡ። ለንደን ፒካዲሊ ላይ ያለው ዴቮንሺር ቤት በ1920 ተሸጦ ቆይቶ ፈረሰ። የብረት በሩ ብቻ ተርፎ ግሪን ፓርክ አጥር ላይ ቆሟል፣ ለንደን ያላችሁ ሳታውቁት አልፋችሁት ይሆናል። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤቱን ወታደር ሳይወስደው 10ኛው መስፍን ቀድሞ ለሴቶች ትምህርት ቤት ሰጠው። ፔንሮስ ኮሌጅ ከዌልስ ወደ 300 የሚጠጉ ተማሪዎቹን ይዞ መጣ። ያ ንጉሥ ይመጣል ተብሎ የተሠራ ክፍል የልጆች አልጋ ተደረደረበት። ወታደር ከሚገባበት ተማሪ ይሻላል ብሎ ነው፣ ሐሳቡም ትክክል ሆነ።

ጦርነቱ ግን ሌላውን ወሰደ። የመስፍኑ በኩር ልጅ ዊሊያም በግንቦት 1944 ካትሊን ኬኔዲን አገባ፤ በኋላ የአሜሪካ ፕሬዚዳንት የሆነው የጆን ኬኔዲ እህት ናት። በመስከረም ቤልጂየም ላይ ተገደለ። አራት ወር። እሷም በ1948 በአውሮፕላን አደጋ ሞተች። አባትየው ርስቱን አስቀድሞ አስተላልፎ ነበር፣ ሕጉ ግን ካስተላለፈ በኋላ አምስት ዓመት መኖር አለበት ይላል። አምስቱ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ወራት ሲቀሩት፣ በኅዳር 1950፣ እንጨት ሲፈልጥ ልቡ ቆመ። ግብሩ 80 በመቶ ነበር። መቶ ብር ቢኖርህ ሰማንያውን ማለት ነው።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባል የለ? ያ ሁሉ የወደቀው ሁለተኛው ልጅ አንድሩና ሚስቱ ዴቦራ ላይ ነው። ወራሽ እንሆናለን ብለው እንኳ አላሰቡም ነበር። ዕዳው ወደ ሰባት ሚሊዮን ፓውንድ ነው፣ ለዚያውም በዚያን ጊዜ ፓውንድ። ሰፋፊ መሬት ሸጡ። የሬምብራንትና የሆልባይን ሥራዎች ሄዱ። ቤስ በስተርጅናዋ ያሠራችው የሃርድዊክ አዳራሽ ለመንግሥት ተሰጠ፣ ከዚያ ታሪካዊ ቤቶችን ወደሚጠብቀው ድርጅት፣ ወደ ናሽናል ትረስት ሄደ። ዕዳው ተጠናቆ ሂሳቡ እስኪዘጋ 1967 ሆነ። አሥራ ሰባት ዓመት። በዚያን ዘመን በመላው እንግሊዝ ስንቱ የመኳንንት ቤት እየፈረሰ ድንጋዩ በጭነት ይሸጥ ነበር።

ዴቦራ ግን ተስፋ አልቆረጠችም። በ1959 ተመልሰው ገቡበት። ዶሮ ታረባ ነበር፣ ሱቅ ከፈተች፣ በ1977 የእርሻቸውን ሥጋና ሌላ ምርት የሚሸጥ መደብር ጀመረች፣ ያ መደብር ዛሬም ፒልስሊ መንደር ላይ ይሠራል። በ1981 ደግሞ ቤቱን ለአንድ የበጎ አድራጎት ድርጅት በ99 ዓመት ሊዝ ሰጡት፣ ኪራዩ በዓመት 1 ፓውንድ። የመግቢያ ገንዘቡ ለቤቱ ጥገና ነው የሚገባው። ቤተሰቡ የሚኖርባቸው ክፍሎች ደግሞ ለድርጅቱ ኪራይ ይከፈልባቸዋል። እማዬ ይህን ሁለት ጊዜ አስደገመችኝ። «በአባታቸው ቤት ኪራይ?» አዎ። «ጎበዞች» አለች፣ ከልቧ።

ለምትሄዱ ሰዎች። ቲኬት በኦንላይን ቀድማችሁ ያዙ። ዋጋው ቀላል አይደለም። አቅም ካልፈቀደ ለአትክልቱ ብቻ የሚሆን ረከስ ያለ ቲኬት አለ፣ እኔ ከሁለቱ አንዱን ምረጪ ብባል አትክልቱን ነው የምመርጠው። ቤቱ ውስጥ ደረጃው ብዙ ነው፣ እግር ለሚያመው ሰው በር ላይ ቀድሞ መጠየቅ ይሻላል። ከገና ሰሞን በኋላ ለሳምንታት ስለሚዘጋ ቀን አጣሩ። ምግብ ከድሮው የፈረስ ጋጣ ግቢ ታገኛላችሁ፣ ግቢው ራሱ ማየት የሚገባው ነው። ጫማ ደህና ጫማ። ግቢው 42 ሄክታር የአትክልት ቦታ ነው፣ ለዚያውም ከኮረብታ ጋር።

እና ኤደንሶርን ሳታዩ አትመለሱ። ከቤቱ በእግር አጭር መንገድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑ ከፍታ ላይ ነው፣ መስፍኖቹ ከጀርባው ሣር ላይ ተደርድረው ተቀብረዋል። አዳራሽ የለ፣ ጣሪያ የለ። ተራ ድንጋይ ነው። ከእነሱ ይልቅ የአትክልተኛው የፓክስተን መቃብር ይገዝፋል። ካትሊንም እዚያ ናት፤ እግሯ ሥር ወንድሟ ፕሬዚዳንት ኬኔዲ በሰኔ 1963 መቃብሯን ሊያይ መምጣቱን የሚናገር ትንሽ ድንጋይ አለ። በኅዳር እሱም ተገደለ።

እማዬ አጠገቧ ተንበርክካ ድንጋዩ ላይ የወደቀውን ቅጠል በእጇ ጠረገች። «ስንት ዓመቷ ነበር?» አለችኝ። ሃያ ስምንት አልኳት። ምንም አላለችም። ትንሽ ቆይታ ተነሣች፣ ጉልበቷን አራገፈች፣ ቁልቁል ወደ አውቶብሱ ማቆሚያ ስንወርድ ያቺ በግንብ የታጠረችው ብቸኛ ቤት ታየችን። ከጭስ ማውጫዋ ጭስ ይወጣ ነበር።